ድንኳኑ ይያዝ፣ ችካሎቹ ይጣሉ

ዛሬ የምገመግመው ሁለት ሰው የሚያስተኛ የተራራ ድንኳን ነው። ዋሻ መሰል ቅርጽ ካላቸው ወገን ነው። ሦስት የአሉሚኒየም ዘንጎች እንደ ቅስት ጎብጠው ይቆማሉ፤ ጨርቁ በእነሱ ላይ ይወጠራል። ከነሙሉ ዕቃው 2.6 ኪሎ ይመዝናል። ለሁለት ሲካፈሉት አይከብድም፤ አንዱ ጨርቁን ይሸከማል፣ ሌላው ዘንጉንና ችካሉን። የአምራቹን ስም አልጠራም። የማማርርበት ነገር አለኝ፤ ደግሞም በዚሁ አሠራር የተሠሩ ድንኳኖች በየስሙ ስለሚሸጡ፣ ከስሙ ይልቅ አሠራሩን ማወቁ ይጠቅማችኋል።

ድንኳኑን ይዤ የወጣሁት ሆን ብዬ ዝናብ በተባለበት ሰሞን ነው። በጠራ ሰማይ ሥር የማይረባ ድንኳን የለም። የድንኳን ጠባይ የሚታወቀው ዶፉና ነፋሱ ሲተባበሩ፣ ወጨፎው ከጎን መግረፍ ሲጀምር ነው። ይህኛው ያ ሁሉ ደርሶበታል። በረዶውም፣ ጉሙም፣ ሌሊቱን ሙሉ ያላባራው ውሽንፍርም።

ከሚመሰገንበት ልጀምር። የውስጡና የውጩ ጨርቅ እንደተያያዙ ነው የሚተከሉት። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ግን ለእኔ የዚህ ድንኳን ትልቁ ቁም ነገር እሱ ነው። ብዙዎቹ ድንኳኖች ላይ መጀመሪያ ስሱ የውስጥ ድንኳን ይቆማል፣ ዝናብ የሚከለክለው የላይኛው ጨርቅ ከዚያ በኋላ ይለብሳል። በመሃል ባሉት ደቂቃዎች ዶፍ ከወረደ ወለሉ ውሃ ይቋጥራል። ከዚያ በኋላ ጣሪያው ቢያፈስስ ባያፈስስ ምን ዋጋ አለው? ሲወለውሉ ማደር ነው። እኛ ከሸንተረሩ ወርደን የመኝታ ቦታችን ስንደርስ በረዶው ጀምሮ ነበር። ድንኳኑ ሲቆም ጀርባችን ረጥቧል፣ ወለሉ ግን ደረቅ ነበር።

ዘንጎቹ የሚገቡበት እጅጌ አንድ ጫፉ ዝግ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ከአንድ ወገን ቆሞ ይገፋል፣ ይጨርሳል። ወደ ማዶ ዞሮ ጫፉን መፈለግ የለም። ጣቶቻችሁ ደንዝዘው ጓንት ማውለቅ በማትፈልጉበት ሰዓት ይህን የፈለሰፈውን ሰው ትመርቁታላችሁ። የመካከለኛው ዘንግ ከሌሎቹ ይረዝማል፤ ጫፉም የሚገባበት እጅጌም ቀይ ምልክት አላቸው። በጨለማ በግንባር መብራት ጥሩ አድርጎ ይታያል። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፦ ዘንጉን ግፉት እንጂ አትሳቡት። ከሳባችሁት መጋጠሚያው እጅጌው ውስጥ ይላቀቃል፤ ያኔ እሱን ማውጣት ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ከዘንጎቹ ጋር አጭር የአሉሚኒየም ቱቦ ተሰጥቷል። ብዙ ሰው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ይጥለዋል። ዘንግ ከተሰበረ በስብራቱ ላይ አልብሳችሁ በፕላስተር የምታስሩት እሱ ነው። ጥቅል ፕላስተር መያዝ የሚያስጠላው ሰው ካለ፣ ትንሽ በውሃ ኮዳው ላይ ጠምጥሞ ይያዝ።

አሁን ወደ ብሶቴ ልግባ።

ከድንኳኑ ጋር 14 ችካሎች ይመጣሉ። ሁሉም ከቀጭን ክብ ሽቦ የተሠሩ፣ ጫፋቸው የተቆለመመ ናቸው። ለስለስ ባለ ሣር ላይ ምንም አይሉም። ተራራ ላይ ግን መሬቱ ወይ ድንጋይ ነው፣ ወይ ውሃ የጠጣ ጭቃ። ድንጋይ ሲነኩ ይታጠፋሉ። ጭቃ ውስጥ ደግሞ ክብ ስለሆኑ መሬቱን የሚይዙበት ጎን የላቸውም፤ ገመዱ ሲወጠር ይሽከረከሩና ገመዱን ይለቁታል። ከእጅ አይሻል ዶማ ማለት እንዲህ ያለው ነው።

ሌሊት ላይ የሆነውም ይኸው ነው። ነፋሱ ስናመሽ ከጭራችን በኩል ነበር፤ እኛም ድንኳኑን ጠባቡን ጎን ለነፋስ ሰጥተን ነበር የተከልነው። እኩለ ሌሊት ገደማ ዞረና ከጎን ይመታን ጀመር። ዋሻ መሰል ድንኳን ከጭራው ሲመቱት የሚችለውን ያህል ከጎኑ አይችልም። ትንሽ ቆይቶ ጓደኛዬ ነቀነቀኝ።

«አንተ! ጣሪያው ፊቴ ላይ መጣ እኮ!»

«ችካሉ ተነቅሎ ነው። ተነስ በል፣ ድንጋይ እንፈልግ።»

«በዚህ ዝናብ?»

«አይ፣ ነገ ጠዋት!»

ወጣን። በነፋስ በኩል ካሉት ገመዶች ሁለቱ ሜዳ ላይ ይወራጫሉ። ችካሎቹ አንዱ ጠፍቷል፣ አንዱ ታጥፎ ተኝቷል። ድንጋይ ያለበት አገር ለዚህ ጥሩ ነው። ገመዱን ከቡጢ ተለቅ ያለች ድንጋይ ላይ ጠምጥማችሁ ታስራላችሁ። ከዚያ ከእሷ ፊት፣ በድንኳኑ በኩል፣ ለማንሳት የሚያስቸግር ትልቅ ድንጋይ ታስቀምጣላችሁ። ነፋሱ ሲስብ ትንሿ ትልቁ ላይ ትደገፋለች፤ ሁለቱም አይነቃነቁም። ገመዱ ስለት ያለው ጠርዝ እንዳይነካ ግን እዩ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲፋተግ ያድርና ይበጠሳል። በዚህ ከተያዙት ገመዶች እስኪነጋ አንድም የላላ የለም።

ይህን ሁሉ የማወራው ስለ ድንኳን ሲነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ውሃ ያስገባል?» ብሎ ስለሆነ ነው። መጠየቅ ያለበት «ይቆማል ወይ?» ነው። የነፋስ ግፊት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይጨምርም፤ በስኩዌር ነው የሚጨምረው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የነበረ ነፋስ 60 ሲገባ ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል፣ 90 ሲደርስ ዘጠኝ እጥፍ። ያን ሁሉ ጉልበት መጨረሻ ላይ መሬት ውስጥ የሚያደርሱት ገመዶቹና ችካሎቹ ናቸው። አምራቹ ደግሞ ጨርቁ ላይ ገንዘቡን አፍስሶ እዚህ ላይ ሲደርስ ቆጥቧል። ዓይን ያወጣ ቁጠባ ነው። ሰው ሲገዛ ችካል አያይማ!

ከተመለስኩ በኋላ ሁሉንም ቀየርኳቸው። አሁን የምጠቀመው ሦስት ክንፍ ያላቸውን፣ 18 ሳንቲ ሜትር የሚረዝሙ የአሉሚኒየም ችካሎች ነው። ሦስቱ ክንፎች ጭቃ ውስጥ መሽከርከርን ይከለክላሉ። ድንጋያማ መሬት ላይም ቶሎ አይታጠፉም። ስትተክሏቸው ራሳቸው ከድንኳኑ ራቅ ወዳለው ወገን ያዘንብል፣ አንገታቸውም መሬት እስኪነካ ይግባ። ከአፈር በላይ የቀረ ችካል ነፋስ እየነቀነቀ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። በክብደት የጨመሩብኝ ጥቂት ነው፤ አንድ ተጨማሪ ካልሲ ትቼ ብሄድ ይካካሳል።

ገመዶቹም ከችካሎቹ ባይብሱም ከእነሱ አይሻሉም። ቀጫጭን ናቸው። ማጥበቂያዋ ፕላስቲክ ደረቅ ገመድ ላይ ትይዛለች፤ ሲረጥብ ቀስ እያለች ትንሸራተታለች። ስትተኙ የተወጠረው ገመድ ስትነቁ ይላላል። ጨርቁም መርገብገብ ይጀምራል፤ የሚርገበገብ ጨርቅ ደግሞ ስፌቱንም ዘንጉንም ይጎዳል፣ እንቅልፍም አያስወስድ። ጊዜያዊ መፍትሔው ከማጥበቂያዋ ሥር አንድ ቋጠሮ መጨመር ነው። ዘላቂው 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ገመድ መቀየር ነው። አንድ የወደድኩት ነገር ግን በገመዱ ውስጥ ብርሃን የሚያንጸባርቅ ክር አለ። ሌሊት ለሽንት ስትወጡ በገዛ ገመዳችሁ ተጠልፋችሁ አትወድቁም። ስትቀይሩትም እንዲህ ያለውን ፈልጉ።

ጨርቁስ? ጨርቁ ጥሩ ነው። ፖሊስተር ነው፣ ከውስጥ በኩል ፖሊዩሬቴን በሚባል ውሃ የማያሳልፍ ቅብ የተቀባ። ናይለን በክብደት ይሻላል፣ ግን ውሃ ሲጠጣ ይለጠጣል፤ ማታ የወጠራችሁት ከሌሊቱ በኋላ ይረግባል። ፖሊስተር ይህ ጣጣው ያነሰ ነው። ምልክቱ ላይ ለጣሪያው 3,000 ሚሊ ሜትር፣ ለወለሉ 5,000 ሚሊ ሜትር የሚል ተጽፏል። ይህ ቁጥር ብዙ ሰው ያደናግራል። ጨርቁ ተወጥሮ በአንድ ወገኑ የውሃ ግፊት እየጨመረ ይሄዳል፤ በሦስት ቦታ ጠብታ ሲያልፍ ያኔ ያለው ግፊት ይመዘገባል። 3,000 ማለት 3 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ቢቆምበት ይችላል ማለት ነው። ለጣሪያ ከበቂ በላይ ነው። የወለሉ ቁጥር የሚበልጠው ዝናብ ስለሚበዛበት አይደለም። እናንተ ስትንበረከኩበት ወይም በክርናችሁ ስትደገፉበት ሥሩ ያለው እርጥብ መሬት ወደ ውስጥ ስለሚገፋ ነው። ስለዚህ 10,000 የሚል ድንኳን ስታዩ አትደነቁ። ስፌቱ በደንብ ካልታሸገ ቁጥሩ ለወሬ ነው። የዚህኛው ስፌቶች ከውስጥ በቴፕ የታሸጉ ናቸው፤ አንዱንም ሲያፈስ አላየሁም።

ጓደኛዬ ግን በዚህ አይስማማም። ጠዋት ሲነቃ ጣሪያው ጠብታ በጠብታ ነበር። «ይኸው አፈሰሰ!» አለ። አላፈሰሰም። የሁለት ሰው ትንፋሽና የእርጥብ ልብስ እንፋሎት ቀዝቃዛውን ጨርቅ ሲነካ ውሃ ይሆናል። ለመለየት ቀላል ነው። ጠብታው ጣሪያውን ሁሉ እኩል ከሸፈነው የራሳችሁ ትንፋሽ ነው። በስፌት መስመር ላይ ወይም በአንድ ጥግ ብቻ ከተሰበሰበ ፍሳሽ ነው። ብዙ ሰው ድንኳን ያማል፣ የራሱ ትንፋሽ መሆኑን ሳያውቅ።

መድኃኒቱ አየር ማስገቢያውን ክፍት መተው ነው፤ እዚህ ላይ ግን ሁለተኛ ቅሬታ አለኝ። ድንኳኑ ከፊትና ከኋላ፣ ከፍ ብሎ፣ ሁለት አየር ማስገቢያዎች አሉት። አቀማመጣቸው ልክ ነው። ችግሩ የሚዘጉት ከውጭ ብቻ ነው! ነፋሱ ዞሮ ወጨፎውን በአንደኛው ሲረጭብን፣ ለመዝጋት ሙሉ የዝናብ ልብስ ለብሶ መውጣት የግድ ሆነ። ይህን የሠራ ሰው አንድ ሌሊት ራሱ በሠራው ድንኳን ውስጥ ቢያድር ኖሮ ከውስጥ የምትደርስ አንዲት ቅንጣቢ ገመድ ያደርግለት ነበር።

የበሩ ዚፕ ባለ ሁለት መንገድ ነው፤ ከላይ ብቻ ከፍቶ ማየት ይቻላል። በዝናብ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከዚፑ ላይ የሚደርበው ጨርቅ ግን ሰፊና ለስላሳ ስለሆነ ጥርሱ ውስጥ ይገባል። በችኮላ ስትጎትቱ ይነክሰዋል። አንድ እጃችሁ ጨርቁን ወደ ውጭ እየያዘ ሌላው ቀስ እያለ መሳብ አለበት። ጭቃ ከገባበት በውሃ አጥባችሁ ክፈቱት እንጂ በጉልበት አትሞክሩት። ዚፕ የተበላሸበት ድንኳን በውሽንፍር ውስጥ ድንኳን አይደለም።

በረንዳው ሰፊ ነው። ሁለት ትልልቅ የጀርባ ቦርሳ፣ ሁለት ጥንድ ጫማና እርጥብ ጃኬቶች ይችላል። ሻጮች «እዚህ ውስጥ ምግብ ማብሰል ይቻላል» የሚል ፎቶ ይለጥፋሉ። እኔ አልመክርም። ዝናብ ሲሆን ሰው በሩን ይዘጋል፤ የጋዝ ምድጃ በተዘጋ ቦታ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያጠራቅማል። ሽታም ቀለምም የለውም። ጨርቁም ቶሎ ይያያዛል። ማታ የምትበሉት ሳይበስል የሚበላ ነገር ይሁን፤ ተራራው ላይ እሱን ማሰብ ከባድ አይደለም።

የውስጠኛው ድንኳን ግማሹ ድፍን ጨርቅ፣ የላይኛው ክፍል መረብ ነው። መረብ ብቻ የሆኑትን የሚመርጡ አሉ፤ ለሞቃት ቦታ ልክ ናቸው። ከፍታ ላይ ግን ነፋስ ከላይኛው ጨርቅ ሥር ሾልኮ ይገባል፤ የታችኛው ክፍል ድፍን መሆኑ በቀጥታ ፊታችሁ ላይ እንዳይነፍስ ያደርገዋል። ተራራ ስትወጡ በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 0.65 ዲግሪ ይቀንሳል። እርጥበትና ነፋስ ሲጨመሩበት ሰውነት ሙቀቱን ቶሎ ያጣል። የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ ነገሩ አደገኛ ነው። የሚንቀጠቀጥ፣ ምላሱ የሚተሳሰር፣ እጁ እሺ የማይለው ሰው ካያችሁ «ደክሞት ነው» ብላችሁ አትለፉት። እርጥቡን አውልቁለት፣ ደረቅ አልብሱት፣ ስሊፒንግ ባግ ውስጥ አስገቡት። በነገራችን ላይ በላባ የተሞላ ስሊፒንግ ባግ ሲረጥብ ይኮማተርና ሙቀት መያዙን ያቆማል። ውሃ በማያስገባ ከረጢት ውስጥ ያልጠቀለላችሁት እንደሆነ የድንኳኑ ጥራት አያድናችሁም።

በርዝመት በኩል ጓደኛዬ ቅር ብሎታል። ረጅም ነው፤ እግሩ የውስጡን ጨርቅ ሲነካ አድሮ የስሊፒንግ ባጉ ጫፍ ረጥቧል። ከ1 ሜትር ከ85 በላይ የሆነ ሰው ወፍራም ፍራሽ ላይ ሲተኛ ይጠበዋል። የዝናብ ጃኬቱን እግሩ ላይ አልብሶ ተገላገለ።

የማሸጊያው ከረጢት ላይ «ማዕበል የማይበግረው» የሚል ጽሑፍ አለ። መብረቅን ግን የሚከላከል ድንኳን የለም። ይህ ድንኳንም አይከላከልም። የመብረቅ ብልጭታ አይታችሁ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ቁጠሩ፤ በየሦስት ሴኮንዱ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ከ30 ሴኮንድ በታች ከሆነ ቅርብ ነው፤ ከሸንተረር፣ ለብቻው ከቆመ ዛፍና ከዋሻ አፍ ራቁ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ ጠብቁ። የድንኳን ቦታ ስትመርጡ ይህን አስቡ። እይታው የሚያምረው ቦታ ብዙ ጊዜ ለነፋስም ለመብረቅም የተጋለጠው ነው። ቆላ ብሎ የተቀመጠው ሜዳ ደግሞ ጎርፍ ይሰበስባል። በሁለቱ መካከል ፈልጉ።

ድንኳኑ ያለ ችካል አይቆምም፤ ይህን ቀድማችሁ እወቁ። ዘንጎቹ የሚተላለፉበት፣ ጂኦዴሲክ የሚባለው ዓይነት ድንኳን በራሱ ይቆማል፤ ነፋስ ከየትም ቢመጣም ይሻላል። ዘ ኖርዝ ፌስ የተባለው አምራች እ.ኤ.አ. በ1975 እንዲህ ያለውን ለተራራ ይዞ ከወጣ ወዲህ ሌሎችም ተከትለዋል። ነገር ግን ይከብዳል፣ ለመትከልም ጊዜ ይወስዳል። ዛፍ መብቀል ከሚያቆምበት ከፍታ በላይ፣ በበረዶ ላይ ማደር የምትፈልጉ ሰዎች እሱን ያዙ። ለሌላው ይህኛው ይበቃል፣ ችካሉንና ገመዱን ቀይራችሁ።

ከተመለሳችሁ በኋላ በሚገባ አድርቁት። እርጥቡን ጠቅልላችሁ ካስቀመጣችሁት የፖሊዩሬቴኑ ቅብ ቀስ በቀስ ይበላሻል፤ የሚጣበቅና የሚከረፋ ይሆናል። ያ ከጀመረው ወደ ነበረበት የሚመልሰው ነገር የለም። የግድ እርጥቡን ጠቅልላችሁ ከመጣችሁም ቤት እንደገባችሁ ዘርጉት፣ ለነገ አታሳድሩት።

የወለል ማንጠፊያውን ለብቻው የሚሸጡትን አትግዙ። ሸራ ወይም ወፍራም ፕላስቲክ ቆርጣችሁ መሥራት ትችላላችሁ። ከወለሉ በየጎኑ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ይጠር። ከድንኳኑ ሥር ብቅ ያለ እንደሆነ ከጣሪያው የሚወርደውን ውሃ ይቀበልና ቀጥ አድርጎ ከፍራሻችሁ ሥር ይሰበስብላችኋል።